«አስሊ» ወይስ «ማስሊያ»? ስለ ሒሳብ ማስተማሪያ መሣሪያዎች ታሪክና ስለ ስያሜያቸው

የሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ካልኩሌተር» ከሚለው ቃል ሲደርስ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው ቃሉን እንዳለ በፊደላችን ጽፎ ማለፍ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገውም ይኸው ነው። ሁለተኛው አማርኛ ቃል መፈለግ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ እንግሊዝኛው ያላነሣው ጥያቄ ይነሣል። እንግሊዝኛ በግሥ መጨረሻ ላይ የሚጨምራት «-ኤር» ወይም «-ኦር» የምትባል ቅጥያ የድርጊቱን ባለቤትም የድርጊቱን መሣሪያም ታመለክታለች፤ የሚያሰላው ሰውና የሚሰላበት ዕቃ በአንድ ስም ይጠራሉ። አማርኛ ግን ሁለቱን ይለያል። ከ«አሰላ» ባለድርጊቱን «አስሊ» ብሎ ሲያወጣ፣ መሣሪያውን «ማስሊያ» ይለዋል፤ «ጸሐፊ» ከ«መጻፊያ»፣ «ለኪ» ከ«መለኪያ» እንደሚለይ ማለት ነው። ስለሆነም አማርኛ ተርጓሚ የመሣሪያውን ስም ለማውጣት ሲነሣ፣ የሚያሰላው ሰው ነው ወይስ ዕቃው የሚለውን አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።

ይህ የሰዋስው ዝርዝር ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የሒሳብ ማስተማሪያ መሣሪያዎችን ታሪክ የተከታተለ ሰው እንደሚረዳው፣ አዲስ ዕቃ ወደ ክፍል በገባ ቁጥር መምህራንን ሲያከራክር የኖረው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ተማሪው ያሰላል ወይስ ይሰላለታል? በዚህ ጽሑፍ ዋና ዋናዎቹን መሣሪያዎች እያነሣን፣ ስማቸው ከምን እንደ ተወሰደና ለዛሬው ተርጓሚ ምን እንደሚጠቁም ለማሳየት እንሞክራለን። የውጭ አገር ታሪክ ዘመን እ.ኤ.አ.፣ የአገራችን ደግሞ ዓ.ም. ተብሎ ተመልክቷል።

መሣሪያ ስንል በእጅ የሚጨበጠውን ብቻ ካሰብን፣ የአገራችን የቤተ ክህነት የሒሳብ ትምህርት መሣሪያ ያልነበረው ይመስላል። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ግን የረቀቀ መሣሪያ ነበረው፤ ይኸውም በቃል የተያዘ ሥርዓት ነው። የ2017 ዓ.ም.ን ስሌት ለምሳሌ እንውሰድ። ዘመኑ በዓመተ ዓለም 7517 ነው። ለ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ከዚያ አንድ ሲነሣለት 11 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 121 ሲመጣ፣ ይህም ለ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1 ይሆናል። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 209 ሲመጣ፣ ለ30 ተገድፎ መጥቅዑ 29 ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ስለሚሆኑ ተማሪው ስሕተቱን ወዲያውኑ የሚያይበት መቈጣጠሪያ በሥርዓቱ ውስጥ ተቀምጦለታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ 11 እና 19 ተደምረው 30 ናቸው፤ በማንኛውም ወንበር ሲባዙ ድምራቸው ከ30 ብዜት አይወጣም። ብራና ሳያበላሽ፣ ጠጠር ሳይደረድር፣ የሚያሰላውም የሚፈትሸውም ራሱ ተማሪው ነው።

እግረ መንገዳችንን ለቃላት ሠራተኛ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች እናንሣ። መጀመሪያ፣ «ገደፈ» ለዛሬው የቀሪ ሒሳብ ስያሜ ተስማሚ ሥር ነበር፤ ዳሩ ግን ዘመናዊው አማርኛ «ግድፈት»ን ለስሕተት ስለ ወሰደው መማሪያ መጽሐፍ ላይ ቢመለስ ተማሪውን ያደናግረዋል። ሁለተኛ፣ 19፣ 76 እና 532 ዓመት የሚፈጁት ዙሮች ንኡስ፣ ማእከላዊና ዐቢይ ቀመር ይባላሉ። ይህ «ቀመር» ከዘመን ዙር ተነሥቶ ዛሬ በሒሳብና በሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ በፊደላት የሚጻፈውን የስሌት ደንብ የሚያመለክት ሆኗል። ቃሉ ከአሮጌው ትምህርት ወደ አዲሱ ሲሻገር ከተሳካላቸው ጥቂት ምሳሌዎች አንዱ ነው፤ የተሳካበትም ምክንያት ቀድሞውንም ዕቃ ሳይሆን ሥርዓትን ይሰይም ስለ ነበር ይመስለኛል።

የ«ሐሳብ» እና የ«ሒሳብ»ም ጉዳይ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። በግዕዝ «ሐሰበ» ቈጠረም አሰበም ማለት ነው። አማርኛ «ሐሳብ»ን ለኅሊና ሥራ አስቀርቶ፣ በዐረብኛው መልክ «ሒሳብ»ን ለቍጥር ሥራ ለይቶ ያዘ። ሆኖም አሮጌው ትርጉም ፈጽሞ አልጠፋም፤ ሁለት ነጋዴዎች ዕዳና ብድራቸውን ሲያወራርዱ «ተሳሰብን» ይላሉ። ማሰብና ማስላት በሁለት ቃል መለየታቸው ለስያሜ ሥራ በረከት ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የግዕዝ አኃዞች የተወሰነውን ቍጥር ለመመዝገብ እንጂ ለማስላት አልተሠሩም። ለባዶ ቦታ ምልክት የላቸውም፤ 2017 ሲጻፍ ፳፻፲፯ ይሆናል፤ አንዱን ከአንዱ በታች አሰልፎ ለመደመርም ለማባዛትም አይመችም። ምልክቱ አይኑር እንጂ ጽንሰ ሐሳቡ ግን ነበር፤ ተገድፎ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር የባሕረ ሐሳብ መምህራን «አልቦ» ይሉታል። አውሮጳውያንም በሮማውያን አኃዝ ይጠቀሙ በነበረበት ዘመን የገጠማቸው ችግር ይኸው ነበር። ቍጥሩን በአኃዙ ይመዘግባሉ፤ ስሌቱን ግን በገበታ ላይ ጠጠር እያስኬዱ ይሠራሉ። የላቲኑ «ካልኩሉስ» ትርጉሙ ትንሽ ጠጠር ነው። የዛሬው ካልኩሌተርም፣ የከፍተኛ ትምህርቱ ካልኩለስም፣ ሐኪሞች ለኵላሊት ጠጠር የሚሰጡት ስምም ከዚህ የመነጩ ናቸው። ሌላው ሕዝብ በጠጠር ያደረገውን የእኛ ሊቃውንት በተሠለጠነ ትዝታ አደረጉት ለማለት ይቻላል።

በዘንግ ላይ ዶቃ ተሰክቶ የሚቈጠርበት አባከስ በመዋዕለ ሕፃናትና በዝቅተኛ ክፍሎች አሁንም ይታያል። መማሪያ መጻሕፍቱ «አባከስ» ብለው ያልፉታል፤ አማርኛ ግን ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ ከጥንት ጀምሮ ስም ነበረው። የጸሎት ቤቱ «መቍጠሪያ» በክር የተሰካ ዶቃ ነው፤ ሥራውም ቍጥር እንዳይጠፋ መያዝ ነው። በእንግሊዝኛም ለዶቃ የሚሰጠው ቃል ቀድሞ ጸሎት ማለት ስለ ነበር ዝምድናው እንግዳ አይሆንም። «የሒሳብ መቍጠሪያ» ቢባል ሕፃኑም ወላጁም ወዲያው ይገባቸዋል።

እዚህ ላይ ከመነሻው ለተናገርነው ደንብ ተቃራኒ የሚመስል ማስረጃ አለ። የመብራትና የውኃ ፍጆታ የሚመዘግበው ዕቃ «መቍጠሪያ» ሳይሆን «ቆጣሪ» ይባላል፤ ይኸውም የባለድርጊት ስም ነው። አካዳሚ አልወሰነውም፤ ሕዝቡ ራሱ ያወጣው ነው። ለምን? መቍጠሪያው ሰው ካላስኬደው አይቈጥርም፤ ቆጣሪው ግን ባለቤቱ ተኝቶ እያለ ይቈጥራል። ስለዚህ ተናጋሪው በዕቃና በሰው መካከል ብቻ ሳይሆን፣ በሰው እጅ በሚሠራ ዕቃና በራሱ በሚሠራ ዕቃ መካከልም ይለያል ማለት ነው። በበኩሌ ይህ ጥንድ ለስያሜ ሥራ ከብዙ የሐተታ ገጾች የበለጠ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

ወደ መጻፊያው ገጽ እንሻገር። የህንድ አኃዝ ወደ ዐረቦች ዓለም ሲገባ ስሌቱ ይሠራ የነበረው አቧራ በተነሰነሰበት ገበታ ላይ በጣት ወይም በዘንግ እየጻፉና እያጠፉ ነበር። ስለዚህም «የአቧራ ሒሳብ» ተባለ። አቡል ሐሰን አል ኡቅሊዲሲ ግን እ.ኤ.አ. በ952 ግድም በደማስቆ ባዘጋጀው መጽሐፍ አቧራው ቀርቶ በቀለምና በወረቀት እንዲሰላ መክሯል። ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ገበታው በየመንገዱ ተቀምጠው ኮከብ በሚቈጥሩ ሰዎች እጅ መታየቱ ለተማረ ሰው ክብር አይመጥንም የሚል ነው። ሌላው ምክንያት ለማስተማር ይበልጥ ይጠቅማል፤ በአቧራ ላይ ያለፈው እርምጃ ስለሚጠፋ የተሳሳቱበትን ቦታ ተመልሶ ማየት አይቻልም፤ ወረቀት ግን መንገዱን ሁሉ ይይዛል። ተማሪ «አሠራርህን አሳይ» የሚባለው ትእዛዝ የሚቻል የሆነው ወረቀት ከመጣ በኋላ ነው። ስሙ ግን አቧራው ከጠፋም በኋላ ቀረ፤ በሰሜን አፍሪካ በወረቀት ላይ የሚጻፉት አኃዞች «የአቧራ አኃዝ» መባላቸውን ቀጠሉ። በጥሬ ዕቃ የወጣ ስም ጥሬ ዕቃው ሲለወጥ እንዲህ ሆኖ ትርጉሙን ያጣል።

የእኛው «ሰሌዳ» በአንጻሩ የታደለ ቃል ነው። ወደ ግዕዝ የገባው ከግሪኩ «ሴሊስ» ሲሆን፣ የጽሑፍ ገጽ ወይም ዓምድ ማለት ነበር። ከገጽ ወደ ጠፍጣፋ መጻፊያ፣ ከዚያም ወደ ክፍሉ ግድግዳ ተሻገረ። በአሜሪካ ትልቁን የግድግዳ ሰሌዳ ለሒሳብ ትምህርት ቀድመው ከተጠቀሙት አንዱ፣ በኋላ የጦር አካዳሚ በሆነው በዌስት ፖይንት ያስተምር የነበረው ጆርጅ ባሮን ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1801 እንደ ሆነ ይነገራል። እንግሊዝኛው ስሙን ከቀለሙ ወስዶ «ጥቁር ገበታ» አለው። ሰሌዳው አረንጓዴ ሲሆን፣ ከዚያም ነጭ ሲሆን፣ ስሙ ከዕቃው ጋር ተጣላ። በአማርኛም «ጥቁር ሰሌዳ» መባሉ ባይቀርም «ሰሌዳ» ብቻውን ይበቃ ስለ ነበር ቀለሙ ሲለወጥ ችግር አልመጣም። እንዲያውም የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የመኪና ሰሌዳ፣ የኮምፒዩተር የቍልፍ ሰሌዳ እየተባለ ዘሩን አበዛ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት የተማረው ሕዝብ በብዙ ስፍራ ከሰሌዳና ከጠመኔ የተለየ መሣሪያ አላየም። «ማስላት» ከሁለቱ ጋር በሦስተኝነት ተሰልፎ በሕዝቡ ዘንድ የተለመደው በዚያ ዘመን መሆኑን ልብ ይሏል።

በሰሌዳ ላይ ተማሪው ይሠራል፤ ቀጥሎ የመጣው መሣሪያ ግን ሌላ ሰው የሠራውን ያቀርብለታል። ጆን ኔፒየር እ.ኤ.አ. በ1614 ሎጋሪዝምን ሲያወጣ፣ ሄንሪ ብሪግስም ከ1617 ጀምሮ በ10 መሠረት የተሰላ ሠንጠረዥ ሲያሳትም፣ ማባዛት በመደመር ይተካ ጀመር። አማርኛው «ሠንጠረዥ» ከቼዝ ጨዋታ ስም የመጣ ነው፤ በአራት ማዕዘን የተከፋፈለው የጨዋታ ገበታ ነው ለቍጥሮች ረድፍና ዓምድ ስሙን ያዋሰው። የሚያስገርመው፣ የእንግሊዝ መንግሥት ግምጃ ቤት ስምም የመጣው የግብር ሒሳብ ጠጠር እየተደረደረ ይሠራበት ከነበረው፣ ቼዝ ገበታ ከሚመስለው ጨርቅ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች ከአንድ ጨዋታ ለአንድ ሥራ ስም ወስደዋል።

ሠንጠረዡን ያሰላው ግን ማን ነበር? በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን እንግሊዝኛ «ኮምፒዩተር» የሰው ሙያ ስም ነው። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ጋስፓር ደ ፕሮኒ ታላላቅ ሠንጠረዦችን ሲያሠራ ሥራውን በሦስት ደረጃ ከፈለው፤ ጥቂት ሊቃውንት ቀመሩን ያወጣሉ፤ ሌሎች ዕቅዱን ያዘጋጃሉ፤ በርካታ ሰዎች ደግሞ ከመደመርና ከመቀነስ ሌላ አይጠየቁም። ቻርለስ ባቤጅ እ.ኤ.አ. በ1822 የመጀመሪያ መኪናውን ሲያቀርብ በእነዚያ የታችኛው ደረጃ ሰዎች ፋንታ ብረት ለማቆም አስቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ለተጠናቀቀው ኤኒያክ ለተባለው የኤሌክትሮኒክ መኪና ፕሮግራም እንዲያዘጋጁ የተመረጡት ሴቶች ራሳቸው ቀድሞ በሥራ መደባቸው «ኮምፒዩተር» ይባሉ ነበር። ሰውየው ከወንበሩ ሲነሣ ዕቃው በወንበሩም በስሙም ተቀመጠ። እንግሊዝኛው ይህን ያህል ታላቅ ለውጥ ሲካሄድ አንዲት ፊደል አልቀየረም፤ አማርኛ ቢሆን «አስሊ» የነበረው «ማስሊያ» መሆኑን ማሳወቅ ግድ ይሆንበት ነበር።

ስለ ተንሸራታች ማስመሪያው ብዙ አንልም። የሎጋሪዝም መጠን በሁለት ማስመሪያዎች ላይ ተቀርጾ አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት ብዜቱን የሚያሳይ ዕቃ ነው፤ ከኦትሬድ ዘመን፣ ማለትም ከ1620ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ መሐንዲሱን ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል አገልግሏል። ለትምህርት የሚነሣ አንድ ጥቅም ነበረው። የነጥቡን ቦታ አይናገርም፤ መልሱ 9.12 ይሁን 912 የሚወስነው ተማሪው በግምት ነው። ስለዚህ መሣሪያው ያለ ገማች አይሠራም ነበር።

ሁሉም መሣሪያ ለስሌት የተፈጠረ አይደለም፤ ለማየት የተፈጠረም አለ። ቤልጅጋዊው መምህር ጆርጅ ኩዊዝኔር ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸውን ባለቀለም እንጨቶች አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1952 አሳተማቸው። ሕፃኑ ቀዩን ከአረንጓዴው ጎን እያስቀመጠ 2 እና 3 ተገናኝተው ቢጫውን 5 እንደሚያክሉ በዓይኑ ያያል። ይህን ዘዴ ለዓለም ያስተዋወቀው በእስክንድርያ የተወለደው ካሌብ ጋቴኞ ነው። ጋቴኞ እ.ኤ.አ. በ1957 ለተባበሩት መንግሥታት ሥራ ኢትዮጵያ በመጣ ጊዜ ፊደላችንን አጥንቶ ንባብን በቀለም ለማስተማር ሞከረ፤ በኋላ በሌሎች ቋንቋዎች ላይ የተገበረው የባለቀለም ንባብ ዘዴ በዚያ ሥራ የተጀመረ ነው። ለቍጥር የተቀባ እንጨት ለፊደል ጥናት መንገድ መክፈቱ፣ ያውም በአማርኛ ላይ መሆኑ፣ በቋንቋ ባለሙያዎቻችን ዘንድ የሚገባውን ያህል አልታወቀም።

ሂውሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1972 በ395 ዶላር ለገበያ ያቀረበው ባለ 35 ቍልፍ የኪስ ዕቃ ተንሸራታች ማስመሪያውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከገበያ አስወጣው። መጀመሪያ ሲያስተዋውቁት «የኤሌክትሮኒክ ተንሸራታች ማስመሪያ» ማለታቸው የስያሜ ልማድን ያሳያል፤ አዲሱ በገደለው ስም ይጠራል። በእኛም አገር የቢሮው መደመሪያ በ«ጽሕፈት መኪና» እና በ«ስፌት መኪና» አምሳል «የሒሳብ መኪና» ተባለ። ይህ ስም ሐሰት የለበትም፤ ግን ዕቃው በኪስ ሲገባ «መኪና» የሚለው ከበደና «ካልኩሌተር» ቦታውን ያዘ።

ክርክሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በአሜሪካ የሒሳብ መምህራን ብሔራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1980፣ በእንግሊዝም በዊልፍሬድ ኮክሮፍት የተመራው ኮሚቴ በ1982፣ ዕቃው በክፍል ውስጥ በሥርዓት እንዲሠራበት መከሩ። ስዕለ ቀመር የሚያሳየው የካሲዮ ካልኩሌተር በ1985 ወጣ። የአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናም በ1994 ካልኩሌተር ፈቀደ። ዕቃው በፈተና ክፍል ከተፈቀደ በኋላ የጥያቄዎቹ ግሦች እንደ ቀድሞው ሊቀጥሉ አልቻሉም፤ «አስላ» የሚለው ትእዛዝ «ቍልፍ ተጫን» ማለት ሆኗልና። ጥያቄ አውጪዎች ወደ «ገምት»፣ «አብራራ»፣ «ምክንያት ስጥ» መሄድ ግድ ሆነባቸው። የቃላት ሠራተኛውን ይህ በቀጥታ ይመለከተዋል።

ኮምፒዩተር በሌላ በር ገባ። በዳርትመዝ ኮሌጅ ጆን ኬመኒና ቶማስ ከርትዝ እ.ኤ.አ. በ1964 ቤዚክን፣ ዋሊ ፈርዘይግ፣ ሲሞር ፓፐርትና ሲንቲያ ሰለሞን ደግሞ በ1967 ሎጎን ሲያወጡ፣ ዓላማቸው ተማሪው ትእዛዝ ሰጪ እንዲሆን ነበር። በሎጎ ሕፃኑ ኤሊዋን «ወደፊት ሂጂ፣ ወደ ቀኝ ዙሪ» እያለ ካሬ ያሠራታል፤ ካሬ ምን እንደ ሆነ ለኤሊዋ የሚያስተምራት እርሱ ነው። በዚሁ ዘመን በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከ1960 ጀምሮ የተሠራው ፕላቶ ግን ተማሪውን የሚጠይቅና የሚያርም መኪና ነበር። አንድ ዕቃ ሁለት ተቃራኒ የትምህርት ሐሳብ ሊሸከም እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

በአገራችን ግን በሰፊው የታወቀው መሣሪያ ሌላ ነው። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በየክፍሉ በተሰቀለ ቴሌቪዥን መሰጠት ጀመረ፤ ሒሳብም ከዋናዎቹ አንዱ ሲሆን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ ይተላለፍ ነበር። ሕዝቡ ሥርዓቱን በሙሉ፣ ስርጭቱን፣ አስተማሪውንና ዕቃውን፣ በአንድ ቃል «ፕላዝማ» አለው። ስሙ የተወሰደው ከመስታወቱ አሠራር ነው፤ ዋና ዋናዎቹ አምራቾች እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ እንዲህ ያለውን ቴሌቪዥን መሥራት ስላቆሙ ቃሉ ዕቃውን አልፎ የቀረ ነው። የ«አቧራ አኃዝ» ዕጣ ደረሰው ማለት ነው። ለባዮሎጂና ለፊዚክስ መምህር ደግሞ ችግሩ ድርብ ነበር፤ ስለ ደም ፕላዝማና ስለ አራተኛው የቍስ አካል ሁኔታ በፕላዝማ ማስተማር አለበትና።

ከስሙ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ሰዋስዉ ነው። በተማሪዎች አነጋገር «ፕላዝማ አስተማረን፣ ፕላዝማው ቸኰለ» ሲባል የ«አስተማረ» ባለቤት ዕቃው ሆነ። ስርጭቱ ለማንም አይቆምም ነበር፤ ተማሪው አንድ እርምጃ ሳይገባው ሲቀር እጁን ቢያነሣ የሚያየው የለም፤ በክፍሉ ያለው መምህር ከክፍለ ጊዜው የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው። በሒሳብ ላይ ይህ ከሌሎቹ ትምህርቶች ይልቅ ይጐዳል፤ ሁለተኛው መስመር ያልገባው ሦስተኛውን ሊያይ አይችልምና። ለዚህ መሣሪያ «ማስተማሪያ» የሚለው የመሣሪያ ስም ከጅምሩ ቢሰጠው አሠራሩ ይለወጥ ነበር አልልም። ሆኖም በአማርኛ ያለው የባለድርጊትና የመሣሪያ ልዩነት አንድ ሥርዓት ማንን እንዳፈናቀለ ለማየት የሚያስችል መስታወት ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ልጆች ዝቅተኛውን ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ ከዚያ እንደየክልሉ ከሰባተኛ ወይም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብን በእንግሊዝኛ ይቀጥላሉ። አማርኛ የሚማረው ልጅ በአማርኛ የያዘው ልዩነት ካልጠራ እንግሊዝኛው አያጠራለትም። ስለዚህ በእጅ ለሚጫኑት ዕቃ «ማስሊያ» ትክክለኛ ስም ነው እላለሁ። «ካልኩሌተር» በንግግር ይቀጥል፤ መጽሐፉ ግን «ማስሊያህን ተጠቅመህ» ሲል አስሊው ልጁ መሆኑን በአንድ ቃል ይነግረዋል። ለኮምፒዩተር «መቀመሪያ» የሚል አማራጭ ይሰማል፤ ከ«ቀመር» ጋር ያለው ዝምድና መልካም ነው፤ ነገር ግን ዕቃው ዛሬ ጽሑፍም ሥዕልም ድምፅም ስለሚያስተናግድ ስሙ ይጠብበታል፤ ኮምፒዩተር እንዳለ ቢቀር አይጐዳም።

ከስሞቹ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግሦቹ ናቸው። በመማሪያ መጻሕፍታችን «አረጋግጥ» የሚለው ትእዛዝ ሁለት እንግሊዝኛ ግሦችን ተሸክሞ ይገኛል፤ አንዱ በቍጥር እየሞከሩ ትክክል መሆኑን ማየት ሲሆን፣ ሁለተኛው ለማንኛውም ቍጥር እንደሚሠራ በምክንያት ማስረዳት ነው። ማስሊያ በሌለበት ዘመን ድብልቁ ብዙ አይጐዳም ነበር። ዛሬ ግን «ሁለት ኢተጋማሽ ቍጥሮች ሲደመሩ ድምሩ ተጋማሽ መሆኑን አረጋግጥ» የተባለ ልጅ 3 እና 5ን፣ 17 እና 21ን፣ 101 እና 999ን ይጫናል፤ 8፣ 38 እና 1100 ያገኛል፤ «አረጋገጥሁ» ይላል። በአማርኛው መሠረት አልተሳሳተም። ለመጀመሪያው «ፈትሽ»፣ ለሁለተኛው ብቻ «አረጋግጥ» ብንል ልዩነቱ ይለያል። የባሕረ ሐሳቡ ተማሪ አበቅቴና መጥቅዕን ደምሮ 30 ሲያገኝ መፈተሹ ነው፤ 11 እና 19 ለምን እንደ ተመረጡ ሲናገር ማረጋገጡ ነው። እንዲሁም «አስላ» እና «ገምት» አይተካኩ፤ 48 ጊዜ 19ን ያሰላ 912 ይላል፤ የገመተ ግን ወደ 1000 ይጠጋል ብሎ፣ ማስሊያው 9120 ቢያሳየው ቍልፍ መሳቱን ያውቃል።

ጥያቄውን ፎቶ አንሥቶ ከነእርምጃው የሚመልስ የስልክ ፕሮግራም ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ በልጆች እጅ ገብቷል፤ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በሰው ቋንቋ ጠይቀውት ምክንያትም የሚደረድር መጥቷል። አል ኡቅሊዲሲ በወረቀት ያተረፈውን «አሠራርህን አሳይ» ይህ ዕቃ ያሳይለታል። ለእርሱ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለው ስያሜ በመጻሕፍትና በዜና እየተለመደ ነው። «ሰው ሠራሽ» የሚለው ክፍል ትክክል ነው፤ «አስተውሎት» ግን በአማርኛ ልብ ብሎ የማየት፣ ነገርን አመዛዝኖ የመያዝ ሥራ ስለሆነ፣ ዕቃው ቆጣሪ ሆኖ ሳለ የሊቅ ስም ሰጥተነዋል የሚል ስጋት አለኝ። ቃሉ ገና ስላልደረቀ፣ በመማሪያ መጻሕፍት ከመጽናቱ በፊት የሒሳብ መምህራንና የቋንቋ ባለሙያዎች በአንድነት ሊመክሩበት ይገባል፤ ለውይይቱም ከላይ የቀረበው የ«ቆጣሪ» እና የ«መቍጠሪያ» ጥንድ መነሻ እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ።